ሁለት ጣት ወደ ግራ

…እና ሰማታር ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አዘንብሎ፣ ማዞሪያውን በሁለት ጣቶቹ እንደያዘ፣ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸትና ፉጨት ውስጥ የአዲስ አበባው አስተማሪ ድምፅ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ በልጁ ፊት ላይ የነበረው…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ የሚጀመረው በሰላምታ ነው።

ለክቡር ጓድ አየነው፣
የትምህርት ቤታችን የማስተማሪያ መሣሪያዎች ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የከተማችን ሙቀት እንደ እርስዎ ከደጋ በመጣ ሰው ላይ እንደሚበረታ ስለማውቅ፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ሳያቋርጥ እንዲዞር፣ የሚጠጡት ውሃ ቀዝቃዛ፣ የሚተኙት እንቅልፍም የንጹሕ ሰው እንቅልፍ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። የድሬ ሰው ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» እያለ የሚጠራ ቢሆንም፣ እኔ ግን በዚህ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ለማለት ወስኛለሁ። እኔም ደኅና ነኝ። ከጀርባዬ እርምጃ ስሰማ ቃል እየጎደለብኝ ከመቸገሬ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤውን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ በዓመቱ መግቢያ ላይ «ሂስ የማይወድ ጓድ፣ ጓድ አይደለም» ብለው ያስተማሩንን በደብተሬ ጽፌ ስለያዝኩ ነው። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። የሒሳብ መምህር ቁጥር ሲያይ ይረጋጋል ይባላል።

፩. ስለ ሥዕሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከፍተኛውን ሒሳብ በሬዲዮ እንዲከታተሉ፣ በዘመናዊ መሣሪያ የታገዘ ትምህርት ለሰፊው ሕዝብ ልጆች እንዲደርስ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሬዲዮ ሥዕል ስለማያሳይ ሥዕሎቹ ያሉበት መጽሐፍ በባቡር ተልኳል ተብለን ነበር፤ ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ መጽሐፉ ከየትኛው ጣቢያ እንደወረደ እስካሁን አልታወቀም። ስለዚህ በየረቡዑ የአዲስ አበባው ድምፅ «አሁን ሥዕል ሦስትን ተመልከቱ» ሲለን፣ ሁላችንም በታላቅ ትሕትና ባዶውን ሰሌዳ እንመለከታለን።

ሆኖም መላ አበጀን። ማክሰኞ በጠመኔ መንገዱን እጠርግላቸዋለሁ፤ ረቡዕ በጆሯቸው እየሰሙ በእጃቸው ይሥላሉ፤ ሐሙስ «ያንተ ኩርባ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲሄድ ይመስላል» እየተባባሉ ይከራከራሉ፤ ዓርብ ፈተና፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእርስዎ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ፤ ቅዳሜ ጠዋት የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥተን ነፍስ እንዘራባቸዋለን። ፀሐይዋን የምንጠቀመው ከኮሚቴው ሳናስፈቅድ ነው። ይህን እንደ ግለ ሂስ ይመዝግቡልኝ።

በሐሙሱ ክርክር ብዙውን ጊዜ ትክክል ሆኖ የሚገኘው የሰማታር ሥዕል ነበር። ሰማታር ሮብሌ። የጭነት መኪና ነጂው የሮብሌ ልጅ። ያላየውን ነገር ሰምቶ የመሣል ችሎታ እንዲህ በአንድ ልጅ ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ማዞሪያውንም የሚይዘው እሱ እንዲሆን ክፍሉ የመረጠው ለዚሁ ጆሮው ነው።

፪. ስለ መርፌው። ይህን ቀስ ብዬ ማስረዳት አለብኝ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

የሬዲዮው መርፌ በቁጥሮቹ ላይ የሚሄደው በቀጭን ክር እየተጎተተ ነው። ክሩ በሙቀት ላላ። ከዚያ ወዲህ መርፌው የሚያሳየው ቁጥርና ሬዲዮው የሚይዘው ጣቢያ ተለያዩ፤ ምንጊዜም መርፌው ከእውነተኛው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ አልፎ ይቆማል። የአዲስ አበባን ትምህርት ለመስማት የፈለገ መርፌውን ከአዲስ አበባ ቁጥር ሁለት ጣት አሳልፎ ማቆም አለበት ማለት ነው። እንዲጠገንልን ለኮሚቴዎ አመለከትን። ደግመን አመለከትን። በጀት እንደሌለ በጨዋ ቋንቋ ተነገረን።

እኔም ጉድለቱን ትምህርት አደረግኩት። አንድ ግራፍ ቅርጹ ሳይለወጥ ወደ ጎን ሲዛወር ምን እንደሚሆን በምናጠናበት ሳምንት፣ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ይኸው ምሳሌያችሁ አልኳቸው። መርፌው ያለበትን አንብቡ፣ ሁለት ጣት ወደ ግራ ቀንሱ፣ እውነቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ «ሁለት ጣት» መቀለጃ ሆነ። አንዱ ሲያጋንን «ሁለት ጣት ቀንስለት!» ይሉታል። ይስቁ ነበር። አሁን ማንም አይለውም።

፫. ስለዚያ ረቡዕ። ትምህርቱ አልቆ ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ፣ ለንብረት ቁጥጥር ከጥበቃው ጓድ ማዘንጊያ ጋር ወደ ክፍላችን መግባትዎን ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። ጎንበስ ብለው መርፌውን አዩ። ከኪስዎ ወረቀት አውጥተው ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ከአዲስ አበባ ቁጥር ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ያለው፣ እኛ አስበነው የማናውቀው፣ የሞቃዲሾ ጣቢያ ቁጥር ነበር።

«ማነው ይህን ያዞረው?» አሉ። ሰማታር ብድግ አለ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ ፈገግ ብሎ። ሊመሰገን የተነሣ መስሎት ነው። ከኋላ ያሉትም አጨበጨቡለት። ያ ጭብጨባ… አንዳንዴ ጠመኔ ሳነሣ ይሰማኛል።

ከሱማሌው ጦርነት በኋላ ያ ጣቢያ በዚህች ከተማ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የሱማሊኛ ተናጋሪ ልጅ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚባል። «እጁ ወደ አገሩ ሄደችበት» ብለው ለጓድ ማዘንጊያ መቀለድዎን ሰምቻለሁ። ልጁ የተወለደው ከደቻቱ ዳር ነው፤ እርስዎ በባቡር ከመምጣትዎ ብዙ ዓመት በፊት። እኔ የመርፌውን ነገር ላስረዳ ጀምሬ ነበር። ጓድ ማዘንጊያ በትሕትና ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ልጁንና ሬዲዮውን አንድ ላይ ወሰዳችሁ። በሬዲዮው መስታወት ላይ መርፌው እንዳይነቃነቅ ፕላስተር ለጠፋችሁበት።

ለጥንቃቄዎ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፦ ሬዲዮውን ከፍቶ መስማት።

፬. ስለ ዓርቡ ስብሰባ። ተማሪዎቹ ስለ ሰማታር ሂስ እንዲያቀርቡ ዕድል ስለሰጧቸው አመሰግናለሁ። ዕድሉን የተጠቀመችው አንዲት ልጅ ነበረች። ካልቱን ትባላለች፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው፤ ስሟን እዚህ የምጽፈው ምስክር በስሙ ሊከበር ይገባል ብዬ ነው። ተነሥታ «ጓድ፣ መርፌው እኮ ውሸታም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጣት ስንቀንስለት ነው የኖርነው» አለች።

እርስዎም «ብረት ይዋሻል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አሏት፤ ሰውም ሳቀ።

«ብረቱማ ምን አደረገ፣ ክሩ ነው። ከፈለግህ ክፈተውና ስማው!»

እርስዎን ያስደነገጠዎት የነገሩ ጭብጥ ሳይሆን «አንተ» መባልዎ እንደነበረ ከፊትዎ አነበብኩ። ልጅቷ ባለጌ አይደለችም፤ የድሬ ልጅ ናት፤ አባቷንም እንደዚሁ ነው የምትጠራው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ከንግግሯ የተረፈው «ሥርዓት የጎደለው አነጋገር» የሚል ብቻ ነው።

፭. ስለ ጥገናው። እዚህ ላይ ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያልተገኘው በጀት፣ ሬዲዮው ማስረጃ ከሆነ በኋላ ተገኘ። ኮሚቴዎ የሕዝብ ንብረት ተበላሽቶ መቀመጥ የለበትም ብሎ ባለሙያ ጠራ፤ አዲስ ክር ተገጠመለት፤ መርፌው ወደ እውነተኛ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጓድ አየነው፣ በኮሚቴው ፊት መርፌውን ፕላስተሩ የነበረበት ቁጥር ላይ አድርጋችሁ ሬዲዮውን የከፈታችሁት። ሞቃዲሾም ጥርት ብሎ ተናገረ። «ይኸው!» ተባለ። ተፈረመ። ታተመ።

እኔ ይህን በሒሳብ ላስቀምጠው ሞክሬ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጽፌ አጠፋሁት። አንድ ሰው ምስክሩን ከሰማ በኋላ ምላሱን ቢያስተካክልለት፣ ከዚያም እንደገና ቢጠይቀው… አይሆንም። ምሳሌው አይሠራም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በቤቴ ያለውን የግድግዳ ሰዓት እያየሁ፣ ስንት ጣት ልቀንስለት እያልኩ እቆማለሁ። ሚስቴ ምን ሆነሃል ትለኛለች። ምንም፣ እላለሁ።

፮. ስለ ሳህኑ። የሰማታር እናት ወይዘሮ ደሄቦ በየቀኑ ሩዝ በሳህን ይዘው ወደ ታሰረበት ይሄዳሉ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ልጃቸው እንደበላ ያውቃሉ፤ ደስ ብሏቸው ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ባለፈው ሳምንት ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። «ተዛውሯል» ተባሉ። ወዴት ብለው ሲጠይቁ በሩ ላይ ያለው ጓድ «ተዛውሯል አልኩሽ እኮ» አላቸው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አድርገው «መአሊም፣ አንተ አስተማሪው ነህ። ልጄ ምንድነው ያዞረው?» አሉኝ።

ሁለት ጣት ልላቸው ነበር።

በእኔ ትምህርት፣ ክቡር ጓድ፣ አንድ ነገር ተዛወረ ሲባል ወደየት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ አብሮ ይነገራል። እነዚህን ሁለቱን ያልጻፈ ተማሪ ከእኔ ውጤት አያገኝም። ከእርስዎ ኮሚቴ ግን ያለ ሁለቱም ማለፍ እንደሚቻል ስለተማርኩ፣ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። የማትሪክ ፈተና ደርሷል። ሰማታር ያለበት ቦታ ለእናቱ ይነገር። ከቻላችሁ ፈተናውን በጠባቂዎች መካከልም ቢሆን ተቀምጦ ይውሰድ፤ እጁም ቢታሰር ግድ የለም፣ መልሱን እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ከማያዩት ሰው ሰምቶ መሣል በዚህ ትምህርት ቤት የተለመደ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ጠርታችሁ ጠይቋቸው፤ ሁሉም ሁለት ጣትን ያውቃሉ። እኔንም ጠይቁኝ። ካስፈለገም ክሩን መልሳችሁ አላሉትና በሚቀጥለው ረቡዕ በክፍሉ ፊት እንስማው።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ላጠፉት ውድ ጊዜ፣ ለማራገቢያዎ፣ ለአዲሱ ክርና ለፕላስተሩም ጭምር የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከማይላላ አክብሮት ጋር በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

አብዲቃድር ዩሱፍ
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር
ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

በድጋሚ ለማስታወስ፦ ይህ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ተለጥፎ፣ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ሳያልቅ ከግድግዳው ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ቸኩሎ የሚያነብ አንባቢ አግኝቼ አላውቅም፤ ለክብርዎ ስል እንደገና ገልብጬዋለሁ፤ ዛሬ እለጥፈዋለሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ይህችን መሥመር የምጨምረው ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ከማስረጃነት የተመለሰልን ሬዲዮ ተከፍቷል። ማዞሪያውን የሚነካ ተማሪ ስለጠፋ እኔው አዞርኩት። መርፌው በጣም ልክ ነው፤ ቁጥሩ ላይ እንደ ምስማር ተቀምጧል፣ እናንተን ያስመሰግናል። ሰሌዳው ዘንድ ያለችው ካልቱን ናት። ማንም ሳይልካት ጠመኔውን አንሥታ ወጣች፤ የሰማችውን እየሣለች ነው፤ ኩርባው ጥሩ ነው፣ ትንሽ ወደ ታች ቢል ኖሮ…

የአዲስ አበባው ድምፅ ጥያቄ ጠየቀ። እንድናስብ ብሎ ዝም አለ።

በር ተከፈተ። አንድ ሰው አንገቱን አስገባ፤ ወደ እኔ አላየም፤ ስም ጠራ። ካልቱን ጠመኔውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ተከተለችው።

«መልሱን አገኛችሁት?» አለ ሬዲዮው።

በሩ ተዘጋ።