ያልተቆጠረው ቀጥቃጭ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም የለም። ጄምስ የሚባል ሰው በደብረ ታቦር ምድር ያለፈ አይመስልም። ሦስት መሥሪያ ቤት ዞርን፤ ስንት ሽማግሌ ጠየቅን። እግሬ አልቋል።

ርዕሰ መምህሩ ነው የጫነብኝ። «የእንግሊዝኛ አስተማሪ አንቺ ነሽ» አለና ኖራን አስረክቦኝ ሄደ። ኖራ ከአየርላንድ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፣ ዳገት ላይ ግን እኔን ይቀድሙኛል። ጄምስ የቅድመ አያታቸው ወንድም ነው። በአገራቸው ድንቹን በሽታ መትቶት ሕዝቡ ሲራብ ወንድምና እህቱ ተበተኑ፤ አንዱ አሜሪካ ገባ፣ አንዷ አውስትራሊያ። ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበረ መርከብ ላይ ተቀጠረ። የመጨረሻው ደብዳቤው የተጻፈው ከዚህ ከእኛ አገር ነው። ኖራ የመጀመሪያውን ቅጠል ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ከመሀል ይቋረጣል፤ ቀሪው የት እንደገባ አያውቁም።

ከሰዓት መንገድ ዳር የድንች ማሳ አይተው ቆሙና አለቀሱ። እኔ ደግሞ ጫማዬን ማየት።

ሠርጌ ለጥር ነው። ልብሱ አልተሰፋ፣ የመጥሪያው ካርድ አልታተመ፤ እኔ የሞተ ፈረንጅ እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ምነው እግሬን በሰበረው።

ድሮ ፈረንጅ ባለሙያዎች መድፍ የሠሩበት ጋፋት ሄድን። እዚያ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ሳቁብን። ሰውየው ተጠምቆ ከሆነ በክርስትና ስሙ እንጂ በፈረንጅ ስሙ አይገኝም አሉ። እኔ የተጠመቅሁት ሴትዮ ይህ ሳይታየኝ አንድ ሳምንት! የድሮውን ወንጌል አወጡ። መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ስጦታ የሰጡ ሰዎች ስም ተጽፏል። ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ፦ «ከባሕር ማዶ የመጣው ቀጥቃጭ ወልደ ሚካኤል፣ ከልጆቹ ከወርቁና ከካሳ ጋር ይህን ደወል ሰጠ። ጸልዩለት።»

ካሳ የአንዷለም ቅድመ አያት ነው። አንዷለም እጮኛዬ።

ወርቁ የኔ ቅድመ አያት ነው።

መሪጌታው ሁለታችንንም ቤተሰብ ያውቃሉ። መጽሐፉን ዘግተው አዩኝ። ኖራ ምን ይላል እያሉ እጄን ይዘዋል። ቀጥቃጩንም፣ ደወሉንም፣ ካሳንም ተረጎምኩላቸው። ወርቁን ዘለልኩት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ኖራ መሪጌታውን አቅፈው በደስታ ሲስቁ እኔ አብሬ እስቃለሁ።

ስንወጣ መሪጌታው ወደኋላ አስቀሩኝ። በሰባት ቤት ውስጥ ጋብቻ የለም፤ እስከ እሑድ ከቤተሰብሽ ጋር ጨርሺ፤ ካልሆነ ለነፍስ አባትሽ እኔ ራሴ እናገራለሁ አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ክፍል ውስጥ ሳስተምር በጣቴ እቆጥራለሁ። ተማሪዎቹ አበደች ሳይሉኝ አይቀሩም።

እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ ተሰማ፣ ወርቁ፣ ቀጥቃጩ። አምስት።
አንዷለም፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ካሳ፣ ቀጥቃጩ። አምስት።

በመስከረም ሽማግሌ ሲመጣ እኮ ተቆጥሯል! የእኛ ሰዎች ከወርቁ በላይ ገብረ ማርያም አሉ፤ የነሱ ከካሳ በላይ ወልደ ሚካኤል። ስሙ አልገጠመም፣ ተመራረቅን፣ አለቀ። ታዲያ ገብረ ማርያም ከየት መጣ? የፈጠሩት ስም ነው ማለት ነው። ለምን እንደሆነም አይጠፋኝም። ቀጥቃጭ እኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ ቡዳ ነው ተብሎ ሰው የሚሸሸው። ልጅ ሆኜ አንዷ የቀጥቃጭ ዘር ብትለኝ እማዬ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነበር የተጣላቻት።

አንዷለም ከገሳይ ደወለ። እዚያ የግብርና ባለሙያ ነው። ፈረንጅ ዘመድ ማግኘቱን ሰምቶ ይቀልዳል፤ ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ ነው የምትጠሪኝ አለ። ሳቅሁለት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ግን?

እማዬ ለጠጅ የሚሆን ማር ከአንበሳሜ አስመጥታለች። እያስቀመሰችኝ ፊትሽ ምን ሆነ አለች። ጥርሴን ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋፋት፣ አባባ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከሰማንያ አልፈዋል። በመስከረም የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ገብስ አስወቅተው አውድማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የወርቁ አባት ቀጥቃጩ ነው ወይ አልኳቸው፣ ሳልሸፋፍን።

ፊታቸው ተለወጠ። ማን ነገረሽ አላሉም፣ አይደለምም አላሉም። ከዘራቸውን አንስተው በረቱ ወዳለበት ሄዱ። ተከተልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ «እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ሂጂ ወደ እናትሽ» አሉ።

ከጋፋት እስከ ከተማ በእግሬ ስመጣ አለቀስኩ። ደግነቱ ነፋስ ስለነበር ሰው አቧራ ነው ብሎ አልፎኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። አባባ ደምሴ ከንግሥ መልስ ሳይታሰብ ቤት መጡ። እማዬን ጓዳ ልከው በቀስታ ነገሩኝ። ወርቁ የቀጥቃጩ ልጅ አይደለም። አባቱ ገብረ ማርያም እውነተኛ ሰው ነው፤ ወርቁ ሕፃን ሳለ ሞተ። እናትየው ልጇን ይዛ ቀጥቃጩ ቤት ገባች፤ ካሳን የወለደችው እዚያ ነው።

ገና ልተነፍስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናትስ? ካሳና ወርቁ ከአንዲት እናት ከሆኑ ያው ወንድማማች ናቸው! አባባ ይህን አስበውት ኖሯል። ካሳን ወለደች ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ እሷ ምጥ ላይ ከነልጇ ሞታለች፤ ካሳ ቀጥቃጩ ኋላ ካገባት ሌላ ሴት ነው አሉ።

በአንድ ቁጭታ ሁለት ዓይነት ወሬ። ሰማንያ ዓመት ያልተናገሩትን ዛሬ፣ ልክ ለኔ በሚመች መንገድ?

ወርቁን ልጅ ሆነው ያውቁታል። ግራ ክንዱ ላይ ትልቅ የእሳት ጠባሳ ነበረው፤ በበጋም እጅጌውን አይሰበስብም ነበር፣ ሰው የቀጥቃጭ ቤት ልጅ እንዳይለው። እኛም አብረን ደበቅንለት አሉ። ማመን እፈልጋለሁ። ስለምፈልግ ነው የማላምነው።

አመሻሹ ላይ ለአንዷለም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። የሆነው ይሁን፣ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ ከኔ ጋር ትስቂ ነበር አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ኖራንም ነገርኳቸው። የዘለልኩትን ስም ነገርኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ሰባት ቤት ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና ወረቀት አውጥተው ቀጥቃጩን፣ ሴቶቹን፣ ልጆቹን በእርሳስ ሣሉ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጡ። አውስትራሊያ የሄደችው እህት የልጅ ልጆች ዘንድ አንድ ሣጥን ወረቀት አለ፤ ባለፈው ዓመት ጽፈው መልስ አላገኙም። እንደገና እንጻፍ አሉ።

ኢንተርኔት ቤት ሄድን። መብራት የለም። ተመለሰ፤ ኔትወርክ የለም። አሥር ሰዓት ላይ ኢሜይሉ ሄደ። ኖራ ምን ብለው እንደጻፉ አየሁት፦ አንዲት ልጅ እስከ ነገ ድረስ ማወቅ አለባት።

አንዷለም አልደወለም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ቅበላ ነው። ሥጋው አፌ ውስጥ እንደ ገለባ ሆነብኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ኖራ እያለከለኩ መጡ። መልስ መጥቷል! ሁለተኛው ቅጠል፣ ፎቶ ተነስቶ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ወደ አማርኛ ገለበጥኩት፣ አንድም ቃል ሳልዘል። ባጃጅ ይዘን ጋፋት። ቀጠሯቸው እሑድ ነውና መሪጌታው አባባ ደምሴ ግቢ ቀድመውን ነበር። አንዷለምም አለ፤ ከገሳይ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጣው። አላቀፈኝም፣ ግን አጠገቤ ቆመ።

አነበብኩላቸው፦

«ያገባኋት ሴት ባሏ ሞቶባት ነበር። ባለፈው ክረምት በምጥ ከነልጄ ሞተችብኝ። ከፊተኛው ባሏ የወለደችው ወርቁ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ቀረልኝ። ዘመዶቹ ከቀጥቃጭ ቤት አንወስድም አሉ። ወናፉን የሚነፋልኝ እሱ ነው። በቀደም የጋለ ብረት ግራ ክንዱን አቃጠለው። ቅቤ ቀባሁት፤ እሱ አላለቀሰም፣ እኔ አለቀስኩ። ሌላ ባገባም፣ ሌላ ብወልድም፣ ስሜ በሚጻፍበት ሁሉ ልጄ ብዬ አጽፈዋለሁ።»

መሪጌታው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ጋብቻው የሚከለክለው የለም፤ ለነፍስ አባትሽ ይህንኑ እነግራለሁ አሉ። አንዷለም እጄን ያዘኝ። ኖራ የሥጋ ዘመዴ አለመሆናቸውን ሲሰሙ ትንሽ ከፋቸው፤ በጥር ግን በአንዷለም በኩል አማቼ ይሆናሉ ስላቸው ሳቁ።

አባባ ደምሴን ስለጠረጠርኳቸው ይቅርታ ልጠይቅ ጉልበታቸው ሥር ወረድኩ። የሰሙኝ አልመሰለኝም። በቀኝ እጃቸው የራሳቸውን ግራ ክንድ ይዘው ወደ መሬት ያያሉ።

«ጠባሳውን አሳይቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «ቅቤውን ግን አልነገረኝም።»