የአያት ስም የሌለው ቼክ

ጽናት፣

ደጋን ሄጃለሁ። ለሱቃችን መደርደሪያ የላክነውን ቼክ የመነዘረው ያ ሌላኛው ማረው አግማስ እናቱ ቤት ነው ያለው ብለውኛል።

ሰውየው ኮምቦልቻ እዚያው አናጢው ግቢ የሚሠራ በያጅ ነው። ዘበኛው ቼኩን ለአናጢው ለማረው መስጠት ሲገባው ለሱ ሰጠው። በስልክ ሳገኘው ምን አለኝ መሰለሽ? «እህቴ፣ ስሜ ተጽፎ መጣልኝ፣ ተቀበልኩ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?» ባንኮቹም ያው ናቸው። ስሙ ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው፣ የአያት ስም ብትጨምሩበት ኖሮ ይሉኛል።

አናጢው ደግሞ ካልተከፈለኝ መደርደሪያውን አልለቅም ብሏል። ቢደውል በደህና አናግሪው፤ እሱ ምን በወጣው።

ዛሬ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው፣ በርሜሉን ሙይው። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ። በሩን ስትቆልፊ ትንሽ ወደ ላይ አንሺው፣ አለዚያ ቁልፉ አይዞርም።

ሌላ ደግሞ።
ሦስት ቀን ሙሉ «የአያት ስም መጻፍ እንዴት ያቅትሻል?» እያልኩ ስጮህብሽ ትንፍሽ አላልሽም። ዝም ብለሽ ልብስሽን ታጥፊያለሽ። ሰው እንዴት ለራሱ አይከራከርም? ይኼ ዝምታሽ ነው የሚያንጨረጭረኝ!

ትናንት ባንክ ቤት የቼኩን ኮፒ ሰጡኝ። ከዚህ ወረቀት ሥር አድርጌልሻለሁ።
የእጅ ጽሑፉን ከዚህ ማስታወሻ ጋር አስተያዪው።

እስከዳር