ከምስማሩ አራት እርምጃ ወደ ኋላ

ልጄ፣

ታላቅ እህቴን ላመጣት ወጥቻለሁ። በአራት ሰዓት ሆስፒታል ትገባለች፤ ከዚያ በፊት የቤተሰቡን ፎቶ እንደገና ታነሺናለሽ። ቁርስ ሳትበዪ ካሜራውን እንዳትነኪ።

አያትሽ ራሱ ወለሉ ላይ የመታው ምስማር ላይ ቆሞ፣ አሁን ካሜራሽ ላይ በምታጋጥሚው በዚያው ሌንስ ሠላሳ ዓመት ሁላችንንም ፎቶው ውስጥ ሲያስገባን ኖሯል። ትናንት አንቺ እዚያው ቆመሽ እህቴን ከትከሻዋ ቆርጠሽ ስታሳዪኝ ደሜ ፈላ። «ነገ ቢላዋ ለሚጠብቃት ሴት ይሄ ምን የሚሉት ምልኪ ነው?» አልኩሽ። ሌላም አልኩሽ።

ዛሬ በማለዳ ታች ቤት ያለውን ፎቶ አንሺ ቀሰቀስኩት። «እማማ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ? ሌንሱ የተሠራው ለትልቅ ፊልም ነው። የእሷ ዲጂታል ካሜራ መሃል መሃሉን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ዳር ዳሩ ይቀራል» አለኝ።

አንቺስ ይሄን ሳትጠይቂ ነው ሌንሱን የምታጋጥሚው?

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ።

ብቻ ማጋጠሚያ ቀለበቱን አጥብቂው፤ ትናንት ሌንሱ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ቢወድቅ ሌላ የለንም።

«አክስቴን መሃል እናቁማት» እንዳትዪ። ዕድሜዋን ሙሉ ዳር የቆመች ሴት ዛሬ መሃል ብናደርጋት የምንሰናበታት ይመስላታል።

ወደ ኋላ መራቅ እንድትችዪ ቁም ሳጥኑን ከበሩ ገፍቼልሻለሁ፤ ያን ሁሉ ሲንጓጓ እንኳ አልነቃሽም። የአያትሽን ምስማር አልነቀልኩም። ከኋላው አራት እርምጃ፣ ደፉ ላይ፣ በጠመኔ አስምሬያለሁ።

ያኛው የእሱ ነው። ይሄኛው ያንቺ።