መጣሁ ያልኩበት ቀን

ጥቅምት 26

ጠዋት አባርቶ ከሰዓት መልሶ ያዘው። ዝናቡ። ቦምቦሊኖው ግን ቶሎ አለቀ። የቡና ጊዜ ነው፣ መናኸሪያው ጢም ብሏል... ከሸኮ የሚመጡ ለቃሚዎች፣ ሹፌሮች፣ ደላሎች። ሁሉም ሻይ ይላል። እኔ ጓዳ ሆኜ ከመጋረጃው ጀርባ "መጣሁ!" እላለሁ። ቀኑን ሙሉ መጣሁ፣ መጣሁ። ሐሴት ልጄ ከትምህርቷ ስትመጣ እየቀለደችብኝ "እማዬ፣ በእንቅልፍሽም መጣሁ ትያለሽ" ትላለች። ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶታል። ደንበኛዬን ከፊቱ ይልቅ በድምፁ ነው የማውቀው። ገና አፉን ሲከፍት ስኳር የሚያበዛው የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

እቃ እያጠብኩ ሰሎሜ ደወለች። ዐቃቤ ሕጓ። "ቀን ተቆርጧል። ኅዳር 16 ይመሰክራሉ።"

ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ።

ጥቅምት 27

እስቲ ለራሴ ልጻፈው። ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

ነሐሴ ላይ ነው። ሊመሽ ሲል፣ መብራት ጠፍቶ። ከጓዳዬ ቆርቆሮ ኋላ ሁለት ሰው ይጨቃጨቃል። አንዱ አልአዛር፣ ዱቄቴን ከወፍጮ በባጃጁ የሚያመጣልኝ ልጅ። ሌላው ሐዲስ፣ የዘወትር ደንበኛዬ። "ቁልፉን አምጣ አልኩህ!" አለ ሐዲስ። ከዚያ የሆነ ነገር ዷ አለ። ከዚያ ዝም። ስወጣ አልአዛር ጭቃው ላይ ወድቋል፣ ባጃጁ የለም። ሆስፒታል አልደረሰም፣ የኔ ጌታ።

ያኔውኑ ለፖሊስ ተናገርኩ። ፊቱን አላየሁም፣ ድምፁን ሰምቻለሁ አልኩ። ሐዲስ ታሰረ። እኔ መናገሬን ከፖሊስና ከሰሎሜ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐሴት እንኳ አታውቅም።

የሐዲስ ወንድም ተካ ዛሬም ሻይ የሚጠጣው እኔው ቤት ነው።

ኅዳር 2

ሰሎሜ ቢሮ ሄድኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ... ማን አየኝ ይሆን?

ችሎቱ ውስጥ አልገባም። እዚያው ፍርድ ቤት ሌላ ክፍል፣ ካሜራ ፊት እቀመጣለሁ። ፊቴን ዳኞቹ ብቻ ያያሉ። አዳራሹ የሚሰማው ድምፄን ነው፣ እሱንም ማሽን ይቀይረዋል አለች። ስሜ አይጠራም።

"ጠበቃው ፊቱን ካላዩ በምን አወቁት ማለቱ አይቀርም" አለች።

"ምን ልበል?"

"እውነቱን። የሥራዎን ዓይነት ግን አይጥቀሱ፤ ይታወቅብዎታል።"

እሺ አልኩ። ሥራዬን ሳልጠራ ድምፁን እንዴት እንዳወቅሁ አስረዳለሁ? እንዴት ብዬ?

ኅዳር 5

ከሰሎሜ ጋር በስልክ ተለማመድን፣ በቪዲዮ። ስልኩን የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ አስደገፍኩት።

"ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ጣሪያውን ነው የማየው።"

አስተካከልኩ።

"አሁን ደግሞ አገጭዎን።"

ሳቅኩ። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ጥያቄ ስትጀምር አንደበቴ ተሳሰረ። "ቀስ ብለው... ውሃ ይጠጡ።" ስልክ ፊት እንዲህ የሆንኩ ዳኛ ፊት ምን ልሆን ነው?

ኅዳር 7

ተካ መጣ። ድምፁን ስሰማ ሻዩ ላይ ስኳር መስሎኝ ጨው ሞላሁበት። ቀምሶ ተፋው።

"እትዬ ሸዋ፣ ምን ሆነሻል?"

"ወባ ሳይሆን አይቀርም።"

"ታከሚ እንጂ።" ብርጭቆውን ገፋ አደረገና፣ "ሐሴት ቴፒ አይደል የምትማረው? ንገሪያት፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ብቻዋን አትመላለስ።"

ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ፈገግ ብሎ! ምክር ነው? ዛቻ ነው?

ለሐሴት ደውዬ ለገና እንዳትመጪ አልኳት። ተቆጣች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ኅዳር 8

ምግብ እምቢ አለኝ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ስመለስ የአልአዛርን እናት መንገድ ላይ አገኘኋት። ንጋቷን። ሙዟን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ማቋን አልፈታችም። እጄን ያዘችኝ።

"ምስክር አለ አሉኝ ሸዋዬ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ማንም ይሁን... እሱ ባይኖር ልጄ እንደ ውሻ ሞቶ ይቀር ነበር። ሚካኤል ይጠብቀው።"

አሜን አልኩ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ታምሜያለሁ ብዬ ልቀር አስቤ ነበር እኮ! አሁን እንዴት እቀራለሁ?

ኅዳር 16

በሩን ቆልፌያለሁ። አግዳሚውንም አስደግፌበታለሁ።

ፍርድ ቤቱ በጓሮ በር አስገቡኝ። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ካሜራ። ስክሪኑ ላይ ዳኞቹ ብቻ ይታያሉ፤ አዳራሹን በድምፅ ማጉያ እሰማዋለሁ። የሰው ሳል... የወንበር ድምፅ... ከዚያ መሀል ተካ አለ። ሐዲስ አለ። ማልኩ። ያየሁትንና የሰማሁትን ተናገርኩ፣ ሳልሳሳት! ሰሎሜ አጠገቤ ብትኖር እስማት ነበር።

ከዚያ ጠበቃው ተነሣ። ፊቱን ካላየች በምን አወቀችው አለ። ድምፁን ለብዙ ጊዜ ስሰማው ኖሬያለሁ አልኩ። "እንግዲያው ይፈተንልኝ" አለ። ሐዲስ ከሌሎች ታሳሪዎች ጋር ተራ በተራ አንድ ዓይነት ነገር ይናገር፣ ምስክሯ ትለየው። ዳኛው ፈቀዱ። "ምስክር፣ ስንተኛው እንደሆነ ብቻ ይናገሩ" አሉኝ።

ምን ይበሉ ሲባል ጠበቃው፣ "የተለመደ ነገር ነዋ። ለምሳሌ... አንድ ሻይ።"

ለምን ሻይ? ከስንት ነገር ሻይ? ተካ ጠርጥሮ ነግሮታል። እየፈለጉኝ ነው።

አንደኛው "አንድ ሻይ" አለ። አላውቀውም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቁጥሩን ብቻ፣ ቁጥሩን ብቻ እላለሁ በልቤ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድምፁን በደንብ ልስማ ብዬ።

"አንድ ሻይ።"

"መጣሁ ሐዲሴ!"

ወይኔ! ከአፌ እንዴት ወጣ? ተነሥቼ ቆሜያለሁ እኮ! ጠረጴዛውን ይዤ ብድግ ብያለሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ላነሣ ይመስል።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ አለና ዋጠው። ማሽኑ ድምፄን አወፈረው እንጂ አጠራሬን የት ይወስደዋል? የሚዛን ከተማ በሙሉ ያውቀዋል።

ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ፣ ቀስ ብሎ። ዳኛው "ምስክሯ ያሉት እንዳለ ይመዝገብ" አሉ።

ሰሎሜ መጥታ አቀፈችኝ። "ጨረሱ፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ! እራሱ ነበር።"

"ጨረስኩ ወይስ ጨረሱኝ?" አልኳት።

ኅዳር 17

ሻይ ቤቴን አልከፈትኩም። ሰሎሜ ፖሊስ በዚህ በኩል ይመላለሳል አለች። ከፈለጉ ለጊዜው ከከተማ ይውጡ አለች። ማጂ ያለችው እህቴ ጋ ልሂድ? ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሐሴት ሁሉን ከሰው ሰምታ ደወለች። ስታለቅስ ዋለች። "ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?"

ኅዳር 19

በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ተካ። ማዶ ቆሞ በሬን ያያል። አላንኳኳም። መቆም ብቻ።

ቀና ስል ባጃጆች መጡ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ... ደጄ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ተካ ሄደ። ጀይላን፣ የአልአዛር ጓደኛ፣ በሩን መታ መታ አደረገና፣ "እትዬ ሸዋ፣ እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ ተራ የምንይዘው እዚህ ነው። ስትፈልጊ ክፈቺ" አለኝ።

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ሻንጣውን ግን አልፈታሁትም።

ኅዳር 24

ከፈትኩ። ሻይ ሲሉኝ ዝም ብዬ አመጣለሁ። ያቺ ቃል አትወጣም። "መጣሁሽን ማን ሰረቀብሽ?" አለኝ ጀይላን ሊያስቀኝ። አልሳቅኩም።

ጥር 23

ሐዲስ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ሌላ ቀን ነው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አሁንም ሞተር ሳይክል ከኋላዬ ሲመጣ ግድግዳ እጠጋለሁ። ሐሴት በሰው ታጅባ ነው የምትመላለሰው። ፍርሃቱ ሄዷል ብል ውሸት ነው።

የጓዳውን መጋረጃ ግን ጠዋት አውልቄ አነሣሁት። እስከዛሬ ሰውን በድምፁ አወቅሁ፣ ይበቃኛል። የሚመጣውን ልየው።

ንጋቷ መጣች። አንድ እጅ ሙዝ ይዛ። ቤቴ ገብታ አታውቅም ነበር። መስኮቱ ጋ ከባጃጅ ነጂዎቹ መሀል ተቀመጠች። ያን ጊዜ ተካ በደጅ ሲያልፍ ቆመ። አየኝ። እኔም አየሁት፣ ማንቆርቆሪያው በእጄ እንዳለ። ማንም አልተነቃነቀም።

ንጋቷ ነች የተናገረችው። ፊቷን ወደ እሱ እንዳዞረች፣ ጮክ ብላ፦

"ሸዋነሽ! ሻይ አምጪልኝ እንጂ!"

"መጣሁ!" አልኩ። መናኸሪያው ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሳቀርብላት ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ንጋቷ የፈሰሰውን መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠችና ጠጣችው። ቀና ስል ተካ የለም።