ስለ ዋሻዋ አተር የተሰጠ አደራ፦ የመምህርት ስመኝ ደበበ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ስመኝ ደበበ ከአባታቸው ከአቶ ደበበ ጂግሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ በይርጋጨፌ፣ አሪቻ፣ በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ዲላ ተምረው፣ በ1984 ዓ.ም. በመምህርነት ሠልጥነው ባንኮ ጎቲቲ ተመደቡ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ ወልደዮሐንስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ቤቴልንና ዮሴፍን፣ የሁላችንን ጆሲ፣ ወለዱ።

በማታ ተምረው በሥነ ሕይወት ዲግሪ ከያዙ በኋላ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጥንት እርሻን ከሚያጠና ቡድን ጋር ሠሩ። ሥራቸው የጥንት ሰዎች ከኖሩበት ዋሻ ምድጃ የወጣ አፈር በርሜል ውስጥ በውኃ እያጠቡ፣ የሚንሳፈፈውን የከሰለ ዘር በወንፊት ይዘው በማጉያ መነጽር መለየት ነበር። አባቶቻችን በእንሰቱ መሐል ጥራጥሬ መዝራት የጀመሩት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጎረቤት «ስሙዬ፣ አፈር ታጥቦ ይጠራል እንዴ?» እያለ ሲቀልድባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ከታችኛው ምድጃ አንዲት የከሰለች የአተር ፍሬ አገኙ። አገሩ ሁሉ የጥንት ናት ሲባል ሰማ፤ ሽማግሌዎች መረቁ። ዕድሜዋ እንዲታወቅ ግን ውጭ አገር ተልካ በምርመራው ተቃጥላ መጥፋት ነበረባት። ሌላ ስላልነበረች በጥጥ ጠቅልለው ዓመታት አቆዩአት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው፣ «ትላክ፤ ሳላውቅ አልሂድ» አሉ።

መልሱ በሰኔ መጣ። አተሯ የቅርብ ጊዜ ሆነች። ቆፋሪዎቹም እሳቸውም ለምሳ ዋሻው አፍ ላይ አተር ይቆሉ ነበር፤ አንዷ አርራ በአይጥ ጉድጓድ ወርዳ ይሆናል። አቶ ወልደዮሐንስ በሕመም ላይ ሕመም እንዳይሆን ፈርተው ቆዩ፤ በኋላ ነገሯቸው። መምህርትም «ወልዴ፣ ቀብሬ ላይ ይነበብ። ያን ሁሉ ሰው ያስደሰትኩት በሌለ ነገር ነው» አሉ። «ሰው ሊቀብርሽ መጥቶ ስለ አተር ይስማ?» ቢሏቸው፣ «ሌላ ቀን ማን ይሰበሰብልኛል?» አሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዲላ በቤታቸው፣ በ54 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል።

እንግዲህ ባሉት መሠረት፣ ሳትበተኑ እንነግራችኋለን። ከዋሻው የወጣችው አተር የጥንት አይደለችም። አባቶቻችን መቼ እንደዘሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያልታጠበ አፈር ገና በጆንያ አለ።

እውነትን የሚወድ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለቀረነውም እርሱ ይድረስልን። አሜን።