ጢም ያበቀሉት አራቱ ሴቶች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኔ ከዚህ ከማይለቀኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። እግራቸው እንደሆነ ያው ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እኔው ነኝ የማመላልሳቸው። የምግብ ፍላጎታቸው ግን ተመስገን ነው። ሾርባው ጨው አነሰው ብለው ሲቆጡ ብትሰማ፣ እኚህ ሰውዬ ድነዋል ትላለህ።

ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

መልእክትህ ደርሶኛል። «ወንዱ አምባዛ ሞተብኝ፤ ሴቶቹ ሆዳቸው እንቁላል ሞልቶ ቁጭ ብለዋል፤ የኔ እህት፣ እባክሽ አንድ ወንድ በአውቶቡስ ላኪልኝ» ብለሃል። የኔ እህት! አንጀቴን ልትበላው ነው? ለመሆኑ ስትጽፈው ትንሽ እንኳ አላፈርክም?

ልትሄድ ስትል የተነጋገርነውን አልረሳኸውም። ኋላ ክፍል፣ አኳሪየሞቹ መሃል ቆመን ነበር። ያኔ እኔም የሥራ ጥሪ ደርሶኝ ነበር፤ የወደብ ከተማዋ የዓሳ አርቢ ሴትዮ ማራቢያ ክፍሏን ልታስረክበኝ እየጠበቀችኝ ነበር። አንተ ግን አንዳችን ከአባባ ጋር መቅረት አለብን አልክ። «እኔ ባለ ትዳር ነኝ፣ ሄጄ ሱቅ ልክፈት፤ አንቺ አባባን ያዥ፣ በምትኩ የአባባ ነጫጭ የጌጥ አምባዛዎች ያንቺ ናቸው፤ ዘራቸውን አርብተሽ ራስሽን ትችያለሽ» አልከኝ። ለራስህ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ብቻ እንደምትወስድ፣ ለኔ ሁለት ወንድና አራት ሴት እንደተውክልኝ ነገርከኝ። ግንባሬን ስመህ ሄድክ። እኔም ለሴትዮዋ አልመጣም ብዬ ጻፍኩላት። አምኜህ ነዋ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ይኸው አንድም እንቁላል አላየሁም። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ውሃቸውን ቀዝቀዝ አድርጌ ቀየርኩ፣ ዝኩኒ ቀቅዬ አበላሁ፣ ይገቡበት ብዬ የሸክላ ቱቦ ከየቦታው ለቃቀምኩ። ወንዱ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፣ ሴቷ ገብታ ትጥላለች፣ ከዚያ እስኪፈለፈሉ ወንዱ በክንፉ እያራገበ ይጠብቃቸዋል፤ አባባ ያስተማሩን ይህንን ነው። የኔዎቹ «ሴቶች» ግን እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቱቦ ይዘው በሩ ላይ ተኮፍሰው ይጣላሉ። እኔ ሞኟ፣ ምን ዓይነት ቁጡ ሴቶች ናቸው እያልኩ እስቅ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እኛ ቤት እንደምታውቀው ወንድና ሴት የሚለየው በጢም ነው። ወንዱ ካደገ በኋላ አፍንጫውና ግንባሩ ላይ እንደ ቁጥቋጦ ያለ ጢም ያበቅላል፤ የሴቷ ፊት ልሙጥ ነው፣ ቢኖራትም የከንፈሯ ዳር ላይ ብቻ ትንሽ። አራቱ ፊታቸው ልሙጥ ነበር፤ ስለዚህ ሴት ናቸው፤ አለቀ። ሌላ ነገር ማየት በዚህ ቤት ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

ባለፈው ያ ቀልደኛው የዓሳ ነጋዴ መጣ። በኋላ በር አስገባሁት። እሱ ደግሞ ፊታቸውን በጎን አላየም፤ ክዳኑን ከፍቶ ከላይ ቁልቁል ተመለከተና «እህቴ፣ ይሄ ጦር ሰፈር ነው እንዴ? አንዲት ሴት የለችበትም!» ብሎ ሳቀ። ሴት ከላይ ሲያይዋት ሆዷ ወዲያና ወዲህ ሰፋ ይላል፤ እነዚህ ግን ከራስ እስከ ጭራ ሸንቃጣ ናቸው አለኝ። አልሰማሁትም። ተናደድኩበት እንጂ። ይልቅ እሱን ሸኝቼ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑበት የኖሩትን ማጉያ ዓይኔ ላይ ሰክቼ መስታወቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ ጢም እያበቀሉ ነው። አራቱም። ጫፉ እንደ ማንኛውም ጢም ሾጠጥ ያለ ቢሆን፣ ልጆች ነበሩ፣ ገና ማደጋቸው ነው ብዬ ይቅር እልህ ነበር። ግን ጫፉ ዱልዱም ነው፣ የሁሉም እኩል ነው። ተቆርጦ ነው እንደገና የበቀለው። የዓሳ ጢም ቆርጦ ሴት ነው ብሎ ለገዛ እህት መስጠት! ጉድ እኮ ነው! ሴቶቹን ጠራርገህ ወስደህ፣ ለኔ የተላጩ ወንዶች!

አለቀስኩ፤ አልሸሽግህም። ስለ ዓሳው ብቻ አይደለም። እንቢ ያልኩት ሥራ ፊቴ ድቅን አለ። ሌሊት አባባን ሳገላብጥ የተቀጨው ወገቤ ሁሉ ያን ቀን አንድ ላይ አመመኝ። ለአባባ ግን አልተነፈስኩም። ልጄ ልጄን አታለለ ብለው እንዳይሰበሩብኝ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ንዴቴ ትንሽ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ያ አቆራረጥ ቆዳ የሚባል አልነካም። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ። የአምባዛ እሾህ ከወጋህ ወዲህ ዓሳ በእጅህ ነክተህ አታውቅም፤ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ብትባል እንኳ እስኪመሽ ትታገላለህ። እርጥብ ዓሳ በመዳፍ ይዞ፣ ፀጉር የምታህል ነገር እንዲህ እኩል መቁረጥ ያንተ እጅ ሥራ አይደለም። ማንን አሠርቶ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

ትናንት መልእክትህ ሲደርሰኝ ለአባባ ምሳ እያጎረስኩ ነበርና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ወንዱ ሞተብኝ የሚለው ላይ ስደርስ ደነገጡ። «ላኪለት እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ስድስት ወንድ ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ስድስት።

የተውክልኝ ሁለት ወንድ ነው የተባለው፤ ስድስት መሆናቸውን ለአባባ ማን ነገራቸው? እሳቸውም እንዳመለጣቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ አንተ ከሄድክ ጀምሮ፣ ስለ ውሃው ሙቀት ሳይቀር ሲጠይቁኝ፣ ወለዱ ወይ ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እንዳልጨነቅ አስበው ነው እል ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ነው ሲባል ስሰማ፣ እኔን እንደሚመለከት አላውቅም ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አንድ ወንድ አልልክልህም፤ ስድስቱንም እልክልሃለሁ። ዓሳው ምን አጠፋ? ዘሩ በኛ ጉድ መጥፋት የለበትም። ይህ ደብዳቤ በዛሬው አውቶቡስ ይቀድማቸዋል፤ እነሱ ነገ በሚነሳው፣ ሾፌሩ እግር ሥር በካርቶን ታሽገው ይመጣሉ፤ መናኸሪያ ቆመህ ተቀበል። ከረጢቱን ወዲያው እንዳትከፍተው፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ውሃህ ላይ ይንሳፈፍ። እርስ በርስ እንዳይገዳደሉም ለየብቻ አድርጋቸው።

ቅዳሜ ደግሞ አባባን ይዤልህ እመጣለሁ፤ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጃለሁ። ለሴትዮዋ ደወልኩላት፤ ቦታው አሁንም ክፍት ነው፣ ነይ ብላኛለች። አባባ ዘሩ ለወንድ ልጄ ብለው ጢም ከላጩ፣ ጧሪያቸውም ወንዱ ልጅ ይሁና! ሥራውን ለሚስትህ እንዳትጥልባት፤ ራስህ አንሳቸው። ስታነሳቸው በብብታቸው ሥር እንጂ በክንዳቸው አትጎትታቸው። ሌሊት አንዴ አገላብጣቸው፣ ተረከዛቸውን ቅባት ቀባቸው። ሾርባቸው ላይ ጨው ጨምር ቢሉህ እሺ በልና አትጨምር፣ ሐኪሙ ከልክሏል። ክፉ አባት አልነበሩም፤ ይህንን የምልህ ከልቤ ነው፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ሱቅህን ይባርክልህ። ልጅህን ያሳድግልህ። ሴት ልጅም ይስጥህ፤ ሲሰጥህ ግን እንደ ሰው ቁጠራት።

ከጀርባቸው ሠራች እንዳልባል፣ ይህንን ደብዳቤ ሳላሽግ ለአባባ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ውሸት ነው ቢሉኝ፣ እኔ አይደለሁም ቢሉኝ፣ እመነኝ ጋሼ፣ እዚያው ቀድጄው ሻንጣውን ወደ ቦታው እመልስ ነበር። በመጨረሻ የተናገሩት የሻንጣቸው መዝጊያ ከተበላሸ ቆይቷልና በገመድ እንድንጠፍረው ብቻ ነው።

ታናሽ እህትህ