ከሳንሱሲ በላይ የጸደቀውና ያልጸደቀው

ለተከበሩ ለቀሲስ ገብረአምላክ፣ ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን፣ ለልጃችሁ ለቃለጽድቅና ለባለቤቱ ለእሙ፣ እንዲሁም ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ደጃፉ ላይ አረፍ ብለው ለሚያዳምጡ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ፤ በየማዕረጋችሁ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እንደምን ሰነበታችሁ? ቀሲስ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቅዳሴውን ቆመው ይጨርሳሉ ወይስ አሁንም መቋሚያው ነው የሚሸከምዎ? እትዬ፣ ዓይንዎስ ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ ደኅና ያያል? ቃለጽድቅ እንዳለኝ ከሆነ ከጎረቤት ማሳ ያለችውን ዶሮ እንኳ የማን እንደሆነች መለየት ጀምረዋል። እግዚአብሔር ይመስገን። እኛም ደኅና ነን። ስኳሬ ልኩን ይዟል፤ ባለቤቴም ከወገቧ ሕመም በቀር ደኅና ናት።

በስልክ ከመደወል ይልቅ ወረቀት ያነሣሁት፣ ስልኩ ግማሹን ቃል እየዋጠ ስለሚያስቸግረን ነው። የዛሬው ጉዳዬ ደግሞ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ቃሉ ከተዋጠ ምንም አይቀረውም። እንደምታውቁት ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም። ሆኖም እንደ ሰሞኑ ተቆጥቼ የማውቅበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ከምቆጣባቸውም ሰዎች አንዱ እኔው ራሴ ነኝ።

ከሳንሱሲ ሠፈር በላይ የተራቆተ ተረተር አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ተረተር ላይ 18,400 የወይራ፣ የጽድና የኮሶ ችግኝ እንዲተከል የደን ልማት ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ አወጣ። እኔ ከጡረታ ወዲህ በሰብሳቢነት የምመራው የጽሕፈት ቤቱ አማካሪ ጉባኤም ዕቅዱን መርምሮ አጸደቀው። ከተከላው በኋላ የትኛው እንደያዘ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ እንድታጠና ፅዮን የምትባል የአፈር ተመራማሪ ተመደበች። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም። ለእያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ አሰረችለት፤ በየሦስት ወሩም እየተንበረከከች ቆጠረች። እንደ እርስዎ፣ እትዬ፣ ግንዱን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አረንጓዴ ካላየች በሕይወት አለ ብላ አትጽፍም።

ያገኘችው ነገር በደን ሙያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለኖርሁት ለእኔም አዲስ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት 2,116 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ የያዙት በባዶው መሬት ላይ ሳይሆን እኛ ጥራጊ እያልን በምንንቀው በክትክታና በአጋም ቁጥቋጦ ሥር ነው። በየካቲት ቀትር ላይ ባዶው አፈር አርባ አራት ዲግሪ ሲግል፣ ቁጥቋጦው ሥር ያለው ከሃያ ሰባት አያልፍም። የረገፈው ቅጠል እርጥበቱን ይይዛል፤ የአጋሙ እሾህ ፍየሉን ይከለክላል። ፅዮን ቁጥቋጦዎቹን «ሞግዚቶቹ» ትላቸዋለች። ጥናቷን በሌላ አገር ያሉ ምሁራን መርምረው በመጽሔታቸው አትመውላታል።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልምጣ። እትዬ፣ እርስዎ ጌሾዎ ሥር ሲሰድልዎ «ጸደቀልኝ» ይላሉ። ፅዮንም በሰንጠረዧ ላይ «የጸደቀ» ብላ ከሥሩ 2,116 ጻፈች። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ዕቅድ ሲፈቀድ «ጸደቀ» ይባላል። የዕቅዱም ሰንጠረዥ «የጸደቀ» ይልና ከሥሩ 18,400 ይላል። የሦስቱን ዓመት ሥራ የሚያሳየውን የጽሕፈት ቤቱን መጽሔት ያዘጋጀው መኳንንት የሚባል ጸሐፊ ሁለቱን ሰንጠረዦች ወደ አንድ ሲያጋባ ትልቁን ቁጥር አስቀርቶ ትንሹን ጣለው። ከሥሩም «ምንጭ፦ የተመራማሪ ፅዮን ጥናት» ብሎ ጻፈ።

መጽሔቱ ለፊርማ ወደ እኔ መጣ። «የጸደቀ፦ 18,400» የሚለውን አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ፈረምሁ። የተተከለው ሁሉ አንድ ሳይቀር የያዘበት ተረተር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ደስታው አስቸኮለኝ እንጂ አላዋቂነት አልነበረም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

መጽሔቱ በወጣ ማግስት ፅዮን ቤቴል ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ «ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ ይኼን የፈረሙት መነጽር አድርገው ነው ሳያደርጉ?» አለችኝ። ልጆቼ እንኳ እንዲህ ደፍረው ተናግረውኝ አያውቁም፤ ግን መነጽሬን አድርጌ ገጹን እንደገና አነበብሁት።

መኳንንትን አስጠርቼ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ቃሉ አንድ ነው፤ ትልቁ ቁጥር አዲሱ መሰለኝ። ችግኝ እያደር የሚበዛ እንጂ የሚያንስ አልመሰለኝም» አለኝ፤ ላብ አጠመቀው። ይህን ይቅር ብዬዋለሁ። የቅን ሰው ስሕተት ነው፤ ሰምቶም ወዲያው ላርመው አለ።

ይቅር ያላልሁት የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ነው። ሁለቱን ወረቀት ይዤ ስገባ በክብር ተቀበለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። አስረዳሁት። ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ውሸት አልጻፍንም። የጸደቀ ነው ያልነው። አልጸደቀም ነው የሚሉት? ያጸደቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለኝ። መኳንንት ሳያውቅ የሳተውን እርሱ አውቆ መጠለያ አደረገው። ወጣቷን አጥኚ ብለን ልከን፣ ሦስት ዓመት በፀሐይና በጭቃ አንከራትተናት፣ ያገኘችውን አምጥታ ስትሰጠን ስሟን አስቀርተን ቁጥሯን ጣልነው። የእርሷ ስም ያልቆጠረችውን ቆጠረች ለሚል ወረቀት ማስረጃ ሆነ። ከዚህ የከፋ ንቀት ካለ ንገሩኝ።

ነገሩ በወረቀት ቢቀር እንኳ በታገሥሁ ነበር። በደንቡ መሠረት ችግኙ ሙሉ በሙሉ የያዘ ተረተር እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል፤ ጥበቃው ይነሣል፤ ችግኙ እንዲተነፍስ ተብሎም ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ምንጣሮው ለሰኞ ግንቦት 18 ተቆርጧል። የቀሩት ችግኞች ያሉት ቁጥቋጦው ሥር ነው። ገጀራ የያዘ ሠራተኛ ክትክታውን ሲጥል ከሥሩ ያለችውን የስንዝር ወይራ ከየት ያያታል? የፅዮን ሦስት ዓመት በአንድ ቀን ይታጨዳል፤ ጥናቷም እውነት ነው ብሎ የሚመሰክር አንድ ዛፍ አይኖርም።

ማክሰኞ ዕለት ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በሚኒባስ ተነሥቼ በዓይኔ ላየው ሄድሁ። ተረተሩን የምትጠብቀው አልማዜ የምትባል ሴት «አባባ፣ ዳገት የሚወጣው በከረባት ነው እንዴ?» ብላ ተቀበለችኝ። 18,400 መባሉን ስነግራት ጀሪካኗን አስቀምጣ ሳቀች። «ወረቀት ላይ ያሉትን እናንተው አጠጡ፤ እኔ የማጠጣው መሬት ላይ ያሉትን ነው» አለችኝ። ከዚያም የክትክታውን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጋ አንዷን ጽድ አሳየችኝ። ቁመቷ ከከዘራዬ እጀታ አትበልጥም፤ ቆርቆሮዋ ላይ 7,032 ይላል። ጎንበስ ብዬ ሳያት፣ በዚህች ላይ ነው የፈረምሁት ብዬ አፈርሁ።

ፊርማዬን ማንሣቴን በደብዳቤ አሳወቅሁ፤ ምንጣሮውም እንዲቆም ጠየቅሁ። መልሱ ትናንት ደረሰኝ፤ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። «ክቡርነትዎ ፊርማዎን ያነሡበት ጉዳይ በሐምሌ ወር መደበኛ ስብሰባ ቀርቦ ሲጸድቅ ተግባራዊ ይሆናል» ይላል። አስቸኳይ ስብሰባ እንዳልጠራ ምልዓተ ጉባኤ አጣሁ። ሦስቱ አባላት መስክ ላይ ነን አሉ፤ አንደኛው «ጋሼ፣ ለቁጥቋጦ ብለው ስምዎን አያስነሡ» ሲል መከረኝ። ስሜማ ተነሥቷል፤ ያውም በሐሰት ቁጥር ሥር።

ስለዚህ የወሰንሁትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከእኔ ስሙ። ሰኞ ማለዳ ገጀራው ሳይደርስ ታጣፊ ወንበሬን ይዤ ተረተሩ ላይ ቁጥቋጦው መካከል እቀመጣለሁ። ፅዮን አብሬ ልቀመጥ ብትል ከለከልኋት፤ እርሷ ገና ብዙ የምታጠናው አለ፣ ከሥራ ሊያባርሯት ይችላሉ። እኔን ከጡረታ ወዴት ያባርሩኛል? በምን ሥልጣን ነው የተቀመጥኸው የሚል ከመጣ፣ በፊርማዬ ያስፈረድሁባቸውን ልጠብቅ ነው የመጣሁት እለዋለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሰው አፍ መግባቱ አይቀርም። ባለቤቴ በመጀመሪያ ዕብደት ነው አለች፤ ማታ ላይ ግን ጋቢዬንና ባርኔጣዬን አውጥታ ወንበሩ ላይ አኖረችልኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሰኞ አልፎ ይሆናል። በዜና ወይም በሐሜት የሆነ ነገር ብትሰሙ እንዳትደነግጡ፤ ወንድማችሁ ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አልነካም፤ ተቀምጦ ነበር።

ቀሲስ፣ በጸሎትዎ አይርሱን፤ በተለይ ፅዮንን ያስቡልን። ቃለጽድቅ፣ ደብዳቤውን ሳትዘል ስላነበብህላቸው አመሰግናለሁ። ለእሙ፣ ላዘለችው ሕፃንም ሰላምታዬ ይድረስ። እትዬ፣ ለዓይንዎ ጭስ አያብዙበት። ከእኛም ዘንድ ባለቤቴና ልጆቻችን በየስማችሁ ሰላም ብለዋችኋል። ይህን ሁሉ ቁጣ በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መጪው ክረምት ዝናቡ በልኩ፣ ዘራችሁ በጊዜው የሚሆንበት፣ ሥራችሁ ሁሉ የሚሳካበት እንዲሆንላችሁ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ።

ታናሽ ወንድማችሁ
ሀብተሥላሴ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤቴል፣ አዲስ አበባ
ዓርብ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.